ዳቦ ቤት የተጋገረው ጊታር

ጥር 12

የጥምቀት ግርግር በረድ አለና ዛሬ ወርክሾፔን ከፈትኩ። ወርክሾፕ ማለቴ ትንሽ ጉራ አለበት። ሐዋሳ፣ አቶቴ ካለው ቤታችን ጓሮ በቆርቆሮ የከለልኳት ሦስት በሦስት ክፍል ናት። ጠረጴዛው ላይ የጓደኛዬ ቦክስ ጊታር ደረቱ ተገንጥሎ ተዘርሯል። ደረት የምለው ቀዳዳው ያለበትን የፊት ጣውላ ነው። ክሩ ሲመታ አየሩን የሚገፋው በዋናነት እሱ ነው።

ጓደኛዬ ከመዘምራን ጋር ነው የሚጫወተው። ጊታሩ ዝናብ ሲገባ ያብጣል። ክሮቹ ከአንገቱ ይርቁና ጣቱ እስኪላጥ ይጫናል። በጋ ሲመጣ ደግሞ ደረቱ ይሰምጣል፤ ክሮቹ ፍሬቱን፣ አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉትን ቀጫጭን ብረቶች፣ እየነኩ ዝዝዝ ይላሉ። ኅዳር ላይ ደረቱ ከብሪጁ ሥር፣ ክሮቹ ከሚታሰሩበት እንጨት ሥር፣ እስከ ታች ተሰነጠቀ። «በቃ ጣለው» አለኝ። አልጣልኩትም። ልሞክረው የምፈልገው ነገር ነበረኝ።

ነገሩ እንጨት መጋገር ነው። ፈረንጆቹ ቶሪፋክሽን ይሉታል። ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፤ ቡና መቁላት ማለት ነው። ሲዳማ ውስጥ ተቀምጦ ይህን ቃል አለመውደድ ይከብዳል። አየር በሌለበት ወይም ባነሰበት ቦታ እንጨቱን ሳያነዱ ማጋል ነው። ፊንላንዶች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ለግድግዳና ለወለል ጣውላ አዳበሩት። እነሱ በእንፋሎት ከልለው አንዱን ዓይነት በ190፣ ሌላውን በ212 ዲግሪ ያግላሉ። ጊታር ሠሪዎችም ወሰዱት። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ማርቲን በ2015 እ.ኤ.አ. ቪ.ቲ.ኤስ. ብሎ አወጣው፤ ያማሃ የራሱን ኤ.አር.ኢ. ይለዋል። ሁሉም የሚሉት፣ አዲሱ እንጨት እንዳረጀ ጊታር ይጮሃል ነው።

እኔን የሳበኝ ግን ጩኸቱ አይደለም። የተጋገረ እንጨት ከአየር እርጥበት አይጠጣም ይባላል፤ ቢጠጣም ጥቂት። ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው እሱ ይበልጥበታል።

ጥር 15

እንጨት ፍለጋ ሁለት ቀን ባጃጅ ላይ ዋልኩ። የጊታር ደረት ዓለም ላይ አብዛኛው ስፕሩስ ከሚባል የቀዝቃዛ አገር ዛፍ ነው። ስፕሩስ እዚህ የለም። ከአገር በቀሎቹ የስፕሩስ ሩቅ ዘመድ ልበላቸው የምችለው ጽድና ዝግባ ናቸው። ዋንዛም አስቤ ነበር። ዋንዛ ለክራርና ለበገና የታወቀ ነው። ግን እነሱ ላይ ደረት ሆኖ የሚርገበገበው ቆዳው ነው፤ እንጨቱ ሳጥን ነው። ጽድ ሽታው ደስ ይላል፣ ዘይት ስላለው። ዘይት ያለውን እንጨት ዝግ ሳጥን ውስጥ ማጋል ደግሞ አልደፈርኩም። ዝግባ ሙጫ የሚሄድበት ቱቦ የለውም። ንጹሕ፣ ቀጥ ያለ፣ አሰልቺ እንጨት ነው። ለእኔ አሰልቺ ጥሩ ነው።

ያገኘሁት መናኸሪያ አካባቢ ከሚፈርስ ቤት ነው። የድሮ ቁም ሳጥን መደርደሪያ። የቤቱ እመቤት «ይኼ እኔ ሕፃን እያለሁ የተሠራ ነው፣ ማገዶ ልታደርገው ነው?» አሉኝ። ጊታር ልሠራበት ነው ስላቸው ዋጋ ጨመሩ። ጫፉን በምላስ አርጥቤ አየሁት። የዕድሜ መስመሮቹ ደብዛዛ ናቸው፤ ግን ቆመዋል፣ አልተጋደሙም። ቆመው ከታዩ ጣውላው ሲያብጥም ሲሟሽሽም አይጣመምም። ገዛሁት።

ጥር 18

ከጣውላው ጫፍ ለሙከራ አራት ዘንግ ቆረጥኩ። 40 ሳንቲም ርዝመት፣ 4 ሳንቲም ስፋት፣ 8 ሚሊ ውፍረት። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብዬ ጻፍኩባቸው። ሀ አይጋገርም፤ እሱ ምስክር ነው። ሠፈራችን ወርቅ ቤት ሄጄ አስመዘንኳቸው። ልጁ ዘንጎቹን እያገላበጠ «ስንት ካራት ነው?» አለኝ። ሦስቱ 64 ግራም፣ ሐ 63።

ከዚያ ማንኳኳት። ዘንጉን ከጫፉ 9 ሳንቲም ገደማ ላይ በሁለት ጣት ላላ አድርገህ ትይዘዋለህ። መሃሉን በጣትህ አንጓ ታንኳኳለህ። እዚያ ቦታ ላይ ዘንጉ ሲርገበገብም አይንቀሳቀስም፤ ሌላ ቦታ ከያዝከው ድምፁን ታፍነዋለህ። ስልኬ ላይ ድምፅ የሚለካ አፕ አለ። ሀ 224 ሄርትዝ፣ ማለት በሰከንድ 224 ጊዜ ይርገበገባል፤ መ 225።

ቀጥሎ ቴርሞሜትሩ። መልቲሜትሬ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያዬ፣ ሙቀት የሚለካ ሽቦ አለው። የፈላ ውሃ ውስጥ ብከተው 94 አለ። ተበላሽቷል ብዬ አዲስ ሽቦ ልገዛ ወጣሁ። መንገድ ላይ ነው ትዝ ያለኝ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ በ94 ነው የሚፈላው። ሽቦው ልክ ነው፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ተመለስኩ።

ጥር 22

ሳጥኑ ደረሰ። 1.5 ሚሊ ላሜራ፣ 55 በ25 በ10 ሳንቲም፣ ክዳኑ በቡሎን የሚታሰር። ጎኑ ላይ እንፋሎት የሚወጣበት ቀጭን ቀዳዳ አለው። ብየዳ ቤቱ ልጅ «የማን ሬሳ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ውስጡ ትንሽ ጣሳ ውሃ ይቀመጣል። ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ አየሩን እየገፋ በቀዳዳው ያስወጣዋል። አየር የሚመጥ ቫኪዩም መግዛት ላልቻለ ሰው ይኼ ይበቃል።

ጥር 24

የመጀመሪያው ሙከራ፣ ውድቀት።

ምድጃ የለኝም። ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ያለውን ዳቦ ቤት ለመንኩ። ጋሼ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ አላቸው። ሳጥኑን አይተው ብዙ ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ በእንጨት ዳቦ ሲጋገር አውቃለሁ። እንጨት ሲጋገር ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።» የማታው ዳቦ ከወጣ በኋላ ፈቀዱልኝ። ለ የተባለውን ዘንግ ብቻውን ከተትኩ። የምድጃውን ቁልፍ 170 ላይ አደረግኩና አራት ሰዓት ያህል ተውኩት።

ሽታው መጀመሪያ ደስ ይል ነበር፤ ስኳር ሲያር ዓይነት። ቆይቶ አፍንጫ የሚነካ ኮምጣጤ ሆነ። ጠዋት ስከፍተው ለ እንዳረረ ቡና ጠቁሯል። እንደ ዛቢያ ተጣሟል። 53 ግራም። በሁለት እጄ ትንሽ ብጫነው ቀሽ ብሎ ለሁለት ሆነ፤ ስብራቱ እንደ ብስኩት አጭርና ንጹሕ ነው። ጤነኛ እንጨት ሲሰበር ጭረቱ ይንጨፈረራል። ይኼ ምንም አልያዘውም።

እማዬ ቁራጩን አሸተተችና «አሻሮ አሻሮ ይላል» አለች። ልክ ናት።

የባሰው ዳቦው ነው። የእሑድ ጠዋቱ ዳቦ ኮምጣጤ ኮምጣጤ አለ። አንዲት እናት አምስት ዳቦ ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ምንም አልተናገሩም። ጋሼ ወደኔ ዞሩ። እሳቸውም ምንም አልተናገሩም። የቀረውን 40 ዳቦ እኔ ገዛሁት። ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን ዳቦ ፍርፍር ነበር።

ጥር 27

ጥፋቱን አገኘሁት። መልቲሜትሩን አውጥቼ ባዶ ሳጥኑን ለካሁት። ቁልፉ 170 ሲል ሳጥኑ ውስጥ 214 ነው። የምድጃው የላይኛው ማሞቂያ ክዳኑን በቀጥታ ያግለዋል። ለዳቦ ችግር የለውም፤ ጋሼ ዳቦውን የሚያውቁት በዓይናቸው ነው፣ ቁጥሩን አያዩትም። እኔ ነኝ ቁጥር ያመንኩት። ከአሁን በኋላ የመልቲሜትሩ ሽቦ ሳጥኑ ውስጥ፣ እንጨቱ አጠገብ።

የካቲት 2

እሑድ ከሰዓት፣ ምድጃው ሥራ ፈት በሚሆንበት። አዲሱ ደንብ ይኼ ነው። ሐ ገባ። በዝግታ ወደ 100 ወጣሁ፣ ሁለት ሰዓት እዚያው ያዝኩት፣ ከዚያ መውጣት ጀመርኩ። 140 ላይ መብራት ጠፋ።

ጋሼ ቡና አስፈሉ። ሦስተኛው ሲቀዳ መብራቱ አልመጣም። ሳጥኑ ራሱ ቀዝቅዞ አደረ።

የካቲት 9፣ ከመጋገሩ በፊት

ሐ የተባለውን ዘንግ ከሳምንት በኋላ መዘንኩት። ከምድጃ ሲወጣ 57 ነበር። አሁን 62 ተኩል። 63 ነበር የተነሳው። የተነነውን ውሃ ከሞላ ጎደል መልሶ ጠጥቶታል። ይህ ያልታሰበ ሙከራ ከታሰቡት ሁሉ የበለጠ አስተማረኝ። እንጨት ማድረቅና እንጨት መጋገር አንድ አይደለም።

እንጨትን እንደ ጭቃ ቤት አስበው። ሴሉሎስ ምሰሶውና ማገሩ ነው። ሊግኒን ጭቃው ነው። በመሃል ሁለቱን የሚያያይዝ ጭድ አለ፤ ሄሚሴሉሎስ ይባላል። ውሃ በጣም የሚወደው እሱ ነው። ሙቀት ሲበዛም ቀድሞ የሚፈርሰው እሱ ነው። ሲፈርስ ኮምጣጤ አሲድ ይለቃል፤ የዳቦው ጉድ ከዚያ ነው። ጭዱ ሲቀንስ ቤቱ ውሃ አይመጥም፣ ይቀላል፣ ይደርቃል። ግን ጭድ የሌለው ጭቃ ሲመታ ምን እንደሚሆን ገጠር ያደገ ያውቃል። ሐ ላይ ጭዱ አልተነካም። ለ ላይ ጭዱ አልቆ ወደ ማገሩ ገብቻለሁ። የምፈልገው መሃሉን ነው።

የካቲት 9፣ ማታ

መ የተባለውን ዘንግ፣ በኋላ ተጣብቀው ደረቱን ከሚሠሩት ሁለት ግማሾች ጋር ከተትኩ። ግማሾቹ 52 በ20 ሳንቲም ናቸው፤ ውፍረታቸው 4 ሚሊ፣ እያንዳንዳቸው 210 ግራም ገደማ። በመሃላቸው ቀጫጭን ጣውላ ጣልቃ አስገብቼ፣ ላያቸው ላይ ብረት ጫንኩ፤ እንዳይጣመሙ።

ከቀኑ 7 ሰዓት ጀመርኩ። በአንድ ሰዓት ወደ 100። እዚያ ሁለት ሰዓት። በቀዳዳው እንፋሎት ፊስ ይላል። ከዚያ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀስ እያልኩ ወደ 170። እዚያ ሁለት ሰዓት። ቁልፉን በየአምስት ደቂቃው ስነካ ዋልኩ፤ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። ለምን 190 አላልኩም? የፊንላንዶቹ ጣውላ ግድግዳ ላይ ይቆማል። የእኔ በኋላ ሳስቶ 3 ሚሊ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ክር ይጎትተዋል።

ምድጃው ከጠፋ በኋላ ሳጥኑ አይከፈትም። ይህን ለሚሞክር ሰው ደግሜ እለዋለሁ። በ170 ዲግሪ ደርቆ የተቀመጠ እንጨት ላይ ድንገት አየር መልቀቅ እሳት መጥራት ነው። እስኪቀዘቅዝ ይደር።

መብራት አልጠፋም።

የካቲት 10

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ጋሼ ለዳቦ ከማቀጣጠላቸው በፊት ሳጥኑን አውጥቼ ቡሎኖቹን ፈታሁ። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። ቀለሙ የገብስ ቆሎ ሆኗል። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት። አንደኛው ግማሽ ጫፉ ላይ 3 ሳንቲም ያህል ተሰንጥቋል፤ ደግነቱ ከጊታሩ ቅርጽ ውጭ ነው፣ ይቆረጣል። ጋሼ በጣታቸው መታ አደረጉትና «ይኼስ በስሏል» አሉ። ከባለሙያ የመጣ ምስክርነት ነው። ያን ጠዋት ከምድጃው በር ሳልርቅ ቆየሁ። የመጀመሪያው ዳቦ ወጣ። አሸተትኩት። ዳቦ ዳቦ ይላል።

የካቲት 25

ሁለት ሳምንት አየር ጠጥተው ከረሙ። መ ከምድጃ ሲወጣ 57 ነበር፤ አሁን 60 ላይ ቆሟል። ከዚያ በላይ አልወጣም። ሀ ያው 64። ሲንኳኳ መ 232 ሄርትዝ ይላል፤ ከ225 ተነስቶ። ሀ 224። የቀለለና ግትርነቱን ያላጣ ዘንግ ፈጥኖ ይርገበገባል፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ከቁጥሩ ይልቅ የሚገርመው ርዝመቱ ነው። ሀን ሳንኳኳው ዱብ ይላል። መ ዱንንን ብሎ ይቆያል። እማዬ ከማድ ቤት «ምንድን ነው የምትደውለው?» አለችኝ።

ልዩነቱ ትንሽ ነው። ግን አለ።

መጋቢት 8

ግማሾቹን ማጣበቅ። ከማጣበቄ በፊት አንድ ጠብታ ውሃ ሀ ላይ፣ አንድ ጠብታ መ ላይ አንጠባጠብኩ። ሀ ላይ ያለው ተዘረጋ፣ ጠቆረ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ገባ። መ ላይ ያለው ቅጠል ላይ እንዳደረ ጤዛ ድቡልቡል ብሎ ተቀመጠ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስም እዚያው ነበር፤ የመስኮቱ ብርሃን ውስጡ ይታያል። በጣም ደስ አለኝ። ቀጥሎ ደነገጥኩ። የአናጺ ኮላ የሚይዘው ውሃው ወደ እንጨቱ ሲገባ ነው። ውሃ ካልገባ ኮላውስ?

እውነትም የመጀመሪያው ሙከራ ቁራጮች በማግስቱ በእጅ ተላቀቁ። ያዋጣኝ ዘዴ ይኼ ነው። ጠርዙን በመላጊያ አዲስ አድርጎ ወዲያው ማጣበቅ። ኮላውን ሁለቱም ፊት ላይ መቀባት። ሞርሳውን አጥብቆ፣ አንድ ሙሉ ቀን አለመንካት። ቀደም ሲል ለሁለት ሰዓት ነበር የማስረው።

መጋቢት 16

ደረቱን ወደ 2.8 ሚሊ አወረድኩት። ዝግባ ከስፕሩስ ይከብዳል፤ ወደ 2.5 ብወርድ ክብደቱ ይስማማኝ ነበር። ግን ለ በእጄ እንዴት እንደተሰበረ አልረሳሁም። የውስጥ ድጋፎቹን ካልተጋገረ ዝግባ ሠራሁ። ጫናውን የሚሸከሙት እነሱ ስለሆኑ እነሱ ጥሬ ይሁኑ። ስላጥ የሚወጣው ብናኝ የተፈጨ ቡና ይመስላል፤ ክፍሉ ሙሉ ቡናማ ሆነ።

መጋቢት 21

ጉድ ዛሬ ነው የፈላው። የብሪጁን የፒን ቀዳዳዎች፣ ክሮቹ የሚታሰሩባቸውን፣ ስበሳ አምስተኛው ላይ መሰርሰሪያው ሲወጣ ከሥር የጥፍር ያህል ቁራጭ ይዞ ሄደ። ጣ! ጥሬ እንጨት ቢሆን ትንሽ ተንጨፍርሮ ይቀር ነበር። የተጋገረው ይፈናጠራል። ቁራጩን መሬት ላይ ተንበርክኬ ስፈልግ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። መጋዝ አቧራ ውስጥ አገኘሁት። መልሼ አጣበቅኩትና ከሥር ስስ የጥሬ ዝግባ ልጥፍ ደገፍኩት። ስድስተኛውን ከሥር ጣውላ አስደግፌ፣ ስኮች ለጥፌ፣ ትንፋሼን ይዤ በሳሁት።

መሮም እንደ ምላጭ ካልተሳለ ይህን እንጨት አይቆርጠውም፣ ይሰብረዋል። ከመጋቢት ወዲህ ከመሥራት መሳል በልጦብኛል።

ሚያዝያ 14

ፋሲካ አለፈ። ዛሬ ክር አሰርኩ። ስድስቱ ክሮች ሲወጠሩ ድምር ጉተታቸው 70 ኪሎ ገደማ ነው፤ አንድ ጎልማሳ ሰው ብሪጁ ላይ እንደተንጠለጠለ ቁጠረው። በግማሽ ውጥረት አሳደርኩት። ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነስቼ በባትሪ አየሁት። ቆሟል።

ጠዋት ጓደኛዬ መጣ። ፍቅር ሐይቅ ይዞት ሄዶ፣ ውሃው ዳር ተቀምጦ አንድ ሰዓት ተጫወተ። አባ ኮዳዎቹ እንኳ አልሸሹም። «እንደ አሮጌ ጊታር ነው» አለ። እኔ ግን አፌን ሞልቼ ይኼን አልልም። የድሮው ደረት ሌላ እንጨት፣ ሌላ ውፍረት፣ ሌላ ድጋፍ ነበረው። ያልተጋገረ የዝግባ ደረት ያለው መንትያ ጊታር ሳልሠራ ድምፁ ከመጋገሩ መጣ ብል ውሸት ይሆናል። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ላይኞቹ ክሮች ጥርት ይላሉ። በሱ እንርጋ።

መለካት ያለብኝን ለካሁ። 12ኛው ፍሬት ላይ ወፍራሙ ክር ከፍሬቱ 2.4 ሚሊ ይርቃል።

ሐምሌ 19

ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። አላሙራ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ልብስ አይደርቅም፣ ጨው ተጣብቋል፣ የጓሮው በር አብጦ በግንባሬ ነው የምገፋው። ለመለካት ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም።

ሀ 66 ግራም። 64 ነበር። መ 61። 60 ነበር። ሀ ሲንኳኳ ወደ 221 ወርዷል፤ መ 231 ላይ ነው። ጓደኛዬን ጊታሩን ይዞ እንዲመጣ ጠራሁት። 12ኛው ፍሬት ላይ 2.6 ሚሊ። አምና በዚሁ ወቅት፣ የድሮው ደረት ሳለ 4 አልፎ ነበር፤ ደብተሬ ላይ አለ። ያቺ 0.2 ከጀርባውና ከጎኑ ትመስለኛለች፤ እነሱ አልተጋገሩም። ጓደኛዬ ቁጥሩ አላስጨነቀውም። ጣቶቹን አሳየኝ። አልተላጡም።

ሲመለስ በዳቦ ቤቱ በኩል ሸኘሁት። ጋሼ ጊታሩን ተቀብለው ደረቱን በአንጓቸው አንኳኩ፣ ቀለሙን አዩ። ከዚያ ከምድጃው ጥግ ዳቦ ማውጫ አካፋቸውን አመጡ። እጀታው አዲስ ነው፣ ገና ነጭ። «በል እንግዲህ እሑድ ይኼንንም ጋግርልኝ፤ በእርጥበት ያብጥብኛል።»

አይሆንም አልኳቸው። አያብጥም፣ ግን አሥር ኪሎ ዳቦ ሲጭኑበት ለሁለት ይሆናል። ወርክሾፕ ሄጄ ከተሰበረው ለ አንዱን ቁራጭ አመጣሁላቸው። በእጃቸው ጫን አደረጉት። ቀሽ አለ። ስብራቱን አሸተቱ፣ አካፋቸውን መልሰው ጥግ አስደገፉት፣ ሁለት ትኩስ ዳቦ ጠቅልለው ሰጡኝ።